ውሃ እያሳሳቀ እንዳይወስደን

ያለ ደመወዝ ነፍስ ስለሚያድኑት የጀልባ ሰዎችና ስለሚሰጡት ትምህርት

የአሜሪካ በጋ ሲገባ ወገናችን የት እንደሚውል ሁላችንም እናውቀዋለን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ወይም በጁላይ አራት ዕለት፣ ከሰሉ ይጫናል፣ ሥጋው በአዋዜ ይታሻል፣ ልጆቹና ኳሱ ከመኪናው ኋላ ይገቡና ጉዞው ወደ ውሃ ዳር ይሆናል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያለነው ወደ ፖቶማክ ወንዝ ወይም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ ሲያትል ያሉት ወደ ሌክ ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታ ያሉትም በየደጃቸው ወዳለው ሐይቅ ይሄዳሉ። ከዳር ተቀምጦ በልቶ የሚመለስ አለ። ጀልባ ተከራይቶ ወደ መካከል የሚገባ፣ ዓሣ ላጥምድ ብሎ ጎሕ ሳይቀድ የሚወጣ፣ አልፎ ተርፎም የራሱን ሞተር ጀልባ የገዛም አለ።

ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን። የጣናን ታንኳ ቀዛፊ፣ የባሮን ወንዝ ልጅና የምፅዋን መርከበኛ ትተን ከተነጋገርን፣ ከውሃ ጋር የነበረን ትውውቅ ወንዝ ተሻግሮ ትምህርት ቤት ከመሄድ እምብዛም አያልፍም። ዋና የማይችለው ብዙ ነው። አባቶቻችን “ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ውሃ ሲገቡበት ይስቃል፣ ያስቃል፣ ጥርሱን የሚያሳየው በኋላ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን በባሕርና በሐይቅ ላይ ሰው ሲጠፋ ወጥተው ስለሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞች፣ ደግሞም እነዚሁ ሰዎች ሰው ከመጥፋቱ በፊት ስለሚሰጡት ትምህርት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥራቸውን ጥለው የሚሮጡ ሰዎች

በእንግሊዝ አገር በባሕር ዳር ከተሞች ዓሣ አጥማጅ፣ መምህር፣ ባለ ሱቅ ወይም ቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ፣ መጥሪያው በጮኸ ቁጥር የያዘውን ጥሎ ወደ ነፍስ አድን ጀልባው የሚሮጥ ሰው አለ። ማኅበሩን በ1824 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሰር ዊልያም ሂለሪ የተባሉ ሰው ናቸው። የማን ደሴት በምትባለው ደሴት ሲኖሩ መርከቦች ከዓይናቸው ሥር ሲሰባበሩ በማየታቸው ነበር ለዚህ የተነሡት። ማኅበሩ ዛሬም የሚኖረው በአብዛኛው ሕዝብ በሚያዋጣው ገንዘብ ነው። ጀልባዎቹን ይዘው ከሚወጡት አብዛኞቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሲሆኑ፣ ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ ከ140 ሺህ በላይ ነፍስ አድኗል።

ይህ ሥራ ዋጋ የሚያስከፍል ነው። በዲሴምበር 19 ቀን 1981 ዓ.ም. በኮርንዎል ጠረፍ “ዩኒየን ስታር” የተባለች መርከብ ሞተሯ ቆሞ ማዕበል ወደ ቋጥኝ ሲገፋት፣ ከማውስሆል መንደር 8 በጎ ፈቃደኞች በ“ሰሎሞን ብራውን” ጀልባ ወጡላት። ከመነሣታቸው በፊት አንድ ወጣት እኔም ልሂድ ብሎ ቢቀርብ፣ አባቱ አስቀድሞ ከተመረጡት መካከል ስለነበረ የጀልባው አዛዥ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አልወስድም ብሎ መለሰው። በመርከቧ ላይ 8 ሰዎች ነበሩ። በጎ ፈቃደኞቹ አራቱን ማውጣታቸውን በሬዲዮ አሰምተው ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። በዚያች ሌሊት 16ቱም ሞቱ። አንድ ቀን ሳይሞላ ግን የዚያችው መንደር ሰዎች በሟቾቹ ምትክ ለአዲስ ጀልባ የሚበቃ ሰው አቀረቡ። “ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው” የሚለው አባባላችን በሌላ ቋንቋ ሲኖሩት እንዲህ ይመስላል።

ተመሳሳይ ማኅበራት በሌሎችም አገሮች አሉ። የሆላንዱ እንደ እንግሊዙ በ1824፣ የጀርመኑ በ1865፣ የኖርዌዩ በ1891፣ የስዊድኑ በ1907 ዓ.ም. የተመሠረቱ ናቸው። በነዚያ አገሮች የምትገኙ አንባቢዎቻችን በየወደቡ የምታዩት የነፍስ አድን ጀልባ የማን እንደሆነ ከዚህ ትረዳላችሁ።

ወደ አሜሪካ እንምጣ። እዚህ አገር ባሕርንና ታላላቅ ውሃዎችን የሚጠብቀው ኮስት ጋርድ የመንግሥት ኃይል ነው። ከጎኑ ደግሞ ኮስት ጋርድ ኦግዚለሪ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ረዳት ድርጅት ቆሟል። ኮንግረስ በጁን 23 ቀን 1939 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ በሌላ ስም ተቋቁሞ፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1941 ዓ.ም. ነው። አባሎቹ ሰው ለማሰር ወይም ለመቅጣት ሥልጣን የላቸውም። በገዛ ጀልባቸው ይቃኛሉ፣ የሬዲዮ ጥሪ ያዳምጣሉ፣ ሰው ሲጠፋ አብረው ይፈልጋሉ፣ የተበላሸ ጀልባ ይጎትታሉ፣ ጀልባ ይፈትሻሉ፣ ያስተምራሉ። በትእዛዝ ሲወጡ የነዳጃቸው ወጪ ይተካላቸዋል እንጂ ደመወዝ አይከፈላቸውም።

ሰውን በውሃ ላይ መፈለግ

አንዳንዱ ሰው “አንድ ነገር ቢሆን ሄሊኮፕተሩ ይመጣል” ብሎ ይጽናናል። መምጣቱስ ይመጣ ይሆናል። ነገር ግን ወዴት ነው የሚመጣው?

በየብስ የጠፋ ሰው ባለበት ቢቆም ባለበት ይገኛል። በውሃ ላይ ግን ባለበት የሚቆም ነገር የለም። ውሃው ይፈስሳል፣ ነፋሱም ይገፋል። ቁመቷ ከፍ ያለ ጀልባ ነፋሱን ተከትላ ትሄዳለች። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ይበልጡን የሚሄደው በውሃው ፍሰት ነው። ስለዚህ ከአንድ ጀልባ የወደቀ ሰውና ጀልባዋ ራሷ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በተለያየ ቦታ ይገኛሉ። ፈላጊዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት “ለመጨረሻ ጊዜ የታየው የት ነው? በስንት ሰዓት?” ብለው ነው። ከዚያ በኋላ ነፋሱንና ፍሰቱን አስልተው የሚፈለገውን ክልል ይወስናሉ። ከመካከል ተነሥተው አራት ማዕዘኑን እያሰፉ ይዞራሉ፣ ወይም ገበሬ እርሻውን እንደሚያርስ በትይዩ መስመር እየተመላለሱ ያስሳሉ።

አሁን ሒሳቡን እንይ። የጠፋው ሰው ከታየበት ቦታ በአንድ ማይል ዙሪያ ውስጥ ይገኛል ብንል፣ የሚፈለገው ክልል ሦስት ካሬ ማይል ያህል ነው። ሁለት ማይል ከሆነ ከ12 ካሬ ማይል በላይ ይሆናል። ሦስት ማይል ሲሆን 28 ይደርሳል። ጥሪው በዘገየ ቁጥር ክልሉ እንዲህ ይሰፋል። በዚያ ሁሉ ውሃ ላይ የሚፈለገው ደግሞ የአንድ ሰው ራስ ነው። ማዕበል ካለበት፣ ፀሐይም በውሃው ላይ ካንጸባረቀች፣ ከዚያች የምታንስ ነገር የለም።

የጀልባ ሰዎች ሦስት ነገር ደጋግመው የሚመክሩት ከዚህ የተነሣ ነው። የመጀመሪያው፣ ከመነሣታችሁ በፊት የት እንደምትሄዱ፣ ስንት እንደሆናችሁና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ በየብስ ለሚቀር ሰው በጽሑፍ ተዉለት፤ ሰዓቱ ካለፈ ይደውላል። ሁለተኛው፣ ጀልባዋ ብትገለበጥ እንኳ እሷን አትልቀቁ። የምትንሳፈፍ ከሆነ ላይዋ ውጡ፣ ካልሆነም ተጣበቁባት፤ ከሰው ራስ ይልቅ ጀልባ ከሩቅ ይታያል። ዳሩ ቅርብ መስሎ ቢታያችሁም በውሃ ላይ ርቀት ዓይንን ያታልላል። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ላይፍ ጃኬት ልበሱ የሚለው ነው።

ላይፍ ጃኬት፦ ከመቀመጫ ሥር ያለው አያድንም

ላይፍ ጃኬት የምንለው ያ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ነው። ኮስት ጋርድ በየዓመቱ ስለ መዝናኛ ጀልባዎች አደጋ በሚያወጣው መግለጫ መሠረት፣ በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ 564 ሰዎች ሞተዋል። የሞቱበት ምክንያት ከታወቀው ውስጥ 75 በመቶው የሰመጡ ናቸው። ከሰመጡት መካከል ላይፍ ጃኬት ለብሰው ስለመሆናቸው መረጃ ከተገኘላቸው 87 በመቶው አልለበሱም ነበር። የጀልባው ነጂ ትምህርት መውሰድ አለመውሰዱ በታወቀባቸው አደጋዎች ደግሞ፣ ከሞቱት 75 በመቶው የነበሩት ምንም የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ያልወሰደ ሰው በሚነዳው ጀልባ ላይ ነው። ለሞት ካደረሱት የታወቁ ምክንያቶች መሪነቱን የያዘው መጠጥ ነው።

“ጀልባዋ ላይ ላይፍ ጃኬት አለ” ማለት መልስ አይሆንም። በሕግ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ መኖር አለበትና በአብዛኛው ጀልባ ላይ አለ። ከመቀመጫ ሥር ተቆልፎ ይቀመጣል። ጀልባዋ በድንገት ስትገለበጥ ግን ፈልጎ፣ ለይቶና አስሮ ለመልበስ ጊዜ አይገኝም። በመኪና አደጋ መካከል የደኅንነት ቀበቶ ለማሰር እንደመሞከር ነው።

መልበሱ ብቻም አይበቃም፤ አጠቃቀሙን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ከማንም ሕዝብ ይልቅ እኛ ኢትዮጵያውያን በመራራ መንገድ ተምረነዋል።

በኖቬምበር 23 ቀን 1996 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767፣ የበረራ ቁጥር 961፣ በሦስት ጠላፊዎች እጅ ወደቀ። ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢያስረዱም የሚሰማ አልተገኘም። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ጠፉና አውሮፕላኑ በግራንድ ኮሞር ደሴት አጠገብ፣ ለ ጋላዋ ከተባለው የባሕር ዳር ሆቴል ፊት ለፊት፣ ባሕር ላይ አረፈ፤ ተሰባበረም። በውስጡ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፣ 50 ተረፉ።

በዚያ ቀን ሁለት ነገሮች ታይተዋል። አንደኛው፣ ቀድመው የደረሱት የደሴቲቱ ነዋሪዎችና ለዕረፍት የመጡ እንግዶች ነበሩ። ማንም ሳያዛቸው በየጀልባቸው ወጥተው የተረፉትን ከውሃው አወጡ። በዕረፍት ላይ የነበሩ ሐኪሞችም እዚያው አሸዋው ላይ ሕክምና ጀመሩ። ወገኖቻችንን ከዚያ ባሕር ያወጣቸው የማያውቃቸው ሰው መሆኑን መርሳት የለብንም።

ሁለተኛው ልብ የሚሰብር ነው። ካፒቴኑ ላይፍ ጃኬታችሁን ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉ ብለው ነበር። በድንጋጤ ግን ብዙዎች እዚያው ውስጥ ነፉት። ውሃው ሲሞላ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አንሣፈፋቸው፤ ወደ መውጫው ጎንበስ ብለው እንዳይጠልቁም ያዛቸው። ለማዳን የተሠራው ዕቃ ሥርዓቱ ባለመጠበቁ እንቅፋት ሆነ። ስለዚህ ልዩነቱን በደንብ እንያዝ። በአውሮፕላን ያለው የሚነፋው ከወጡ በኋላ ነው። በክፍት ጀልባ ላይ የምንለብሰው ስፖንጅ መሰሉ ላይፍ ጃኬት ግን ጀልባዋ ከወደቡ ሳትነሣ መታሰር አለበት። ትምህርት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ሰው በድንጋጤ ጊዜ የሚያደርገው አስቀድሞ የለመደውን ነው።

ምን ያስተምራሉ?

የኦግዚለሪ አባላትና ሌሎች የጀልባ ማኅበራት የሚሰጡት ትምህርት የጀልባን የመንገድ ሕግ፣ የወደብ ምልክቶችን፣ የአየር ጠባይን፣ የሬዲዮ አጠቃቀምንና የአደጋ ጊዜ እርምጃን ያጠቃልላል። ከዚያ ውስጥ ለኛ ይበልጥ የሚጠቅመውን መርጠን እናቅርብ።

የሚሰምጥ ሰው አይጮኽም። በፊልም እንደምናየው እጁን እያውለበለበ “ኧረ አድኑኝ!” የሚል ይመስለናል። በኒውዮርክ የባሕር ዳርቻ ለብዙ ዓመታት ነፍስ አድን የነበሩት ፍራንክ ፒያ የሰመጡ ሰዎችን አጥንተው ያሳዩት ተቃራኒውን ነው። አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ትንፋሽ ለመሳብ ብቻ ስለሆነ ለመጮኽ ጊዜ የለውም። እጆቹም ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ እንጂ አይውለበለቡም። ይህ የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ነው። ልጆቻችሁ ውሃ ዳር ሲጫወቱ የነበረው ጫጫታ ድንገት ጸጥ ካለ፣ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ።

ዘልላችሁ አትግቡ። በኛ ባህል የወንድሙን ልጅ ውሃ ሲወስደው ቆሞ የሚያይ ሰው የለም፤ ዋና ባይችልም ይዘልላል። ይህ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን በአንድ ለቅሶ ፋንታ ሁለት ለቅሶ ያመጣል። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣልና አዳኙን ይዞት ይወርዳል። አስተማሪዎቹ የሚሰጡት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከዳር ሆነህ እንጨት፣ መቅዘፊያ ወይም ነጠላም ቢሆን ዘርጋለት። ካልደረሰ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውርለት፤ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ወይም የበረዶ ሣጥን ይሆናል። ካልሆነ በጀልባ ሂድለት። በውሃ ውስጥ ገብቶ ማዳን ለሠለጠነ ሰው የሚተው ነው። ይህን ስታደርግም አጠገብህ ያለው ሰው 911 ይደውል።

ቀዝቃዛ ውሃ ከዋና ችሎታ ይበልጣል። በኤፕሪልና በሜይ ፀሐዩ ሞቆ ውሃው ገና በረዶ ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ጎርደን ጊስብሬክት ራሳቸውን በቀዝቃዛ ውሃ እየነከሩ ያጠኑትን ለሕዝብ ያስተማሩት በሦስት ቁጥር ነው፦ 1፣ 10፣ 1። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ አለው። እጅና እግሩ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ራሱን የሚስተው ከ1 ሰዓት ያህል በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን ያንን አንድ ሰዓት አያገኘውም፤ ጃኬት ስለሌለው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውሃ ይተነፍሳል፣ ወይም በአሥረኛው ደቂቃ ክንዱ ይከዳዋል። ጃኬቱ የሚያደርገው ፈላጊዎቹ እስኪደርሱ ያንን አንድ ሰዓት መስጠት ነው።

በሬዲዮ እንዴት ይጠራል? ጀልባው የባሕር ሬዲዮ ካለው የአደጋ ጥሪ የሚደረገው በቻናል 16 ነው። “ሜይዴይ” የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ማለት፣ ቀጥሎ የጀልባዋን ስም፣ ያለችበትን ቦታ፣ የደረሰውን አደጋና የሰዎቹን ብዛት መናገር ነው። ቦታውን አስቀድሙ፤ ጥሪው ቢቋረጥ እንኳ የት እንደሆናችሁ ይታወቃል። እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ግድ የለም። የእጅ ስልክ ከዳር አካባቢ ይጠቅማል፣ ግን ይረጥባል፣ ባትሪው ያልቃል፣ መሐል ላይም መስመር ሊያጣ ይችላል።

ሕጉስ ምን ይላል?

በፌዴራል ሕግ ክልሎች በራሳቸው ሕግ ሌላ ካልወሰኑ በቀር፣ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ጀልባ እየሄደ ሳለ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካልሆኑ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለባቸው። ክንድ ላይ የሚነፋ የመዋኛ ፊኛ ላይፍ ጃኬት አይደለም። የልጅ ጃኬት የሚመረጠው በክብደቱ ነው። ከታሰረ በኋላ በትከሻው በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው።

በሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። በቨርጂኒያ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለው ሞተር የሚነዳ፣ በዋሽንግተን ስቴት ደግሞ 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የሚነዳ ሰው ትምህርቱን መውሰድ ይኖርበታል። ጠጥቶ ጀልባ መንዳት ጠጥቶ መኪና እንደመንዳት ያስከስሳል። በግሬት ፎልስ በኩል ባለው የፖቶማክ ገደል ደግሞ መዋኘት ቀርቶ እግርን መንከርም ክልክል ነው። ከላይ የተኛ የሚመስለው ውሃ ከሥር በኃይል ይጎትታል።

የራሳችሁ ጀልባ ካላችሁ አንድ ነፃ ስጦታ አለላችሁ። የኦግዚለሪ ሰው ቀጠሮ ይዞ መጥቶ ላይፍ ጃኬቱን፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ መብራቱን፣ የአደጋ ምልክቱንና የምዝገባ ወረቀቱን አንድ በአንድ ይፈትሽላችኋል። ካለፈ ምልክት ይለጠፍለታል። ካላለፈ የጎደለውን ይነግራችኋል እንጂ ቅጣት የለም፤ ለፖሊስም አያሳብቅም። ለፍተሻው ገንዘብ አይከፈልም። ትምህርቱ ግን ለመጽሐፍና ለመሳሰለው መጠነኛ ክፍያ ሊኖረው ይችላል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” እንዲሉ፣ ስለ ውሃ የምንነጋገረው ብዙ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነው። ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ስንሰበስብ ማንም አይበልጠንም። እስቲ ከዚያ በፊት ያለውንም እንልመደው። ቤተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፣ ዕድሮችና የኳስ ቡድኖች በጋው ከመግባቱ በፊት አንድ ቅዳሜ መድበው የጀልባ ደኅንነት አስተማሪ ቢጋብዙ ከባድ ነገር አይደለም። ሕዝብን ማስተማር የነዚህ በጎ ፈቃደኞች አንዱ ዋና ሥራቸው ነው። ከኛ የሚፈለገው አዳራሽ፣ ሻይና የሚያስተረጉም ወጣት ነው። ልጆቻችንን ዋና ማስተማር ደግሞ በዚህ አገር ቅንጦት ሊባል አይገባውም፤ መንገድ መሻገር እንደማስተማር ነው።

ከዚህም አልፎ፣ ጊዜና ፍላጎቱ ያለው ወንድም ወይም እኅት ራሱ በጎ ፈቃደኛ መሆን ይችል እንደሆነ በአካባቢው ያለውን የኦግዚለሪ ክፍል ይጠይቅ። ሥራው ጀልባ መንዳት ብቻ አይደለም፤ ሬዲዮ የሚያዳምጥ፣ ወረቀት የሚይዝ፣ የሚያስተምርም ይፈለጋል። በመካከላችን ያሉት የቀድሞው ባሕር ኃይላችን አባሎች ስለ ባሕር ለወጣቱ የሚነግሩት ብዙ ነገር አላቸውና እነሱም ይጠየቁ።

የሚቀጥለው እሑድ ጀልባ ከተከራያችሁ፣ ከሰሉና ሥጋው ከመጫናቸው በፊት ጃኬቶቹን ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ይድረሰው፣ ይታሰርም። የት እንደምትሄዱ ለሚቀረው ንገሩ። ጠጁን ስትመለሱ ትደርሱበታላችሁ።

በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። ቸር ያሰማን!